ሞተር ጠፍቶ የሚወራበት ጋራዥ

አዲስ አበባ ውስጥ ከዊንጌት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ባለው በአቶ ስለሺ ጋራዥ ፎርማኗ ሴት ናት። ዘርትሁን ትባላለች። በወጣትነቷ ካምቢዮ አውርዳ የምትሰቅል መካኒክ ነበረች፤ ኋላ አቶ ስለሺ ሥራ የማደል ችሎታዋን አይተው ፎርማን አደረጓት። የትኛው መኪና ለማን እንደሚሰጥ፣ የቱ ቀድሞ እንደሚወጣ፣ ምን ዕቃ እንደጎደለ የምታውቀው እሷ ነች።

ፎርማን በሆነች ሰሞን ዘርትሁን ጉብዝና ማለት ሁሉንም ባንዴ መያዝ ይመስላት ነበር። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ ከዕቃ ሻጭ ጋር ትከራከራለች፤ በእጇ ለአንዱ መካኒክ ትጠቁማለች፤ በዓይኗ ደግሞ በር ላይ የቆመውን ደንበኛ ታረጋጋለች። ሰዉ ያደንቃታል፤ እሷም ደስ ይላታል። ማታ ቤቷ ስትገባ ግን ሥራ የያዘችው ልጇ ሩታ ደጋግማ ካልጠራቻት አትሰማም። ድካም ነው ትላለች።

ድካም ብቻ አልነበረም። አንድ ክረምት ክፉኛ ታማ ከተነሳች ወዲህ ግራ ጆሮዋ መስማት አቁሟል። ሐኪሙም እንደማይመለስ ነግሯታል። ጸጥ ባለ ቦታ በቀኙ ትሰማለች፤ ሞተር በሚጮህበት ግቢ ውስጥ ግን የሰው ቃል ተቆራርጦ ነው የሚደርሳት። የጎደለውን በግምት ትሞላለች፤ ልምድ ስላላት አብዛኛውን ጊዜ ይሳካላታል። ለማንም አልተናገረችም። የማይሰማ ፎርማን ማን ይፈልጋል ብላ ፈራች። "እሺ፣ እሺ" እያለች ራሷን መነቅነቅ ለመደች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ለታ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር መጣ። አጠገባቸው የሌላ መኪና ሞተር እየተሞከረ ነበር። ለታ በግራዋ ቆሞ ፍሬኑ አልይዝ እንዳለው ነገራት። እሷ የሰማችው ማርሽ ለመቀየር የሚረገጠውን "ፍሪሲዮን" ነው። ራሷን ነቅንቃ ደቻሳን ጠራችና ፍሪሲዮኑን እንዲቀይር አዘዘችው። ደቻሳ የጋራዡ ዋና መካኒክ ነው። ካምቢዮውን አውርዶ፣ ፍሪሲዮኑን ቀይሮ፣ ማርሹ በደንብ መግባቱን ግቢው ውስጥ ሞክሮ ከሰዓት በኋላ አስረከበ።

ለታ ፍሬኑ የተሠራ መስሎት ባዶውን መኪና ይዞ ቁልቁለቱን እንደጀመረ ፍሬን ረገጠ። ፔዳሉ ዝም ብሎ ወረደ። የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ጎማውን ከመንገዱ ጠርዝ ጋር እያፋጨ እንደ ምንም አቆመው። ሰው አልተጎዳም። ወደ ጋራዡ በእግሩ ሲመለስ ግን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

አቶ ስለሺ ደቻሳን በሰው ፊት ጮኹበት። የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት ቢል ማን ይስማው። ዘርትሁን ዝም ብትል በፎርማንና በመካኒክ ቃል መካከል የሚታመነው የማን እንደሆነ ታውቃለች። መሃል ገባች።

"ጋሼ፣ እሱን ይተዉት" አለች። "ፍሪሲዮን ያልኩት እኔ ነኝ። ከታመምኩ ጀምሮ ግራ ጆሮዬ አይሰማም፤ ደብቄያችሁ ነው።"

ዘርትሁን ለታን ይቅርታ ጠየቀችው። ለታ አያት፣ አያትና "ሰው ጭኜ ቢሆንስ?" አላት።

በማግስቱ አቶ ስለሺ ቢሮአቸው አስጠሯት። ተቆጥተው ሳይሆን አዝነው፣ ጸጥ ወዳለው የመለዋወጫ ክፍል ብትዛወር እንደሚሻላት ነገሯት። ዘርትሁን ስታስብበት አድራ ነበር።

"በሁለት ጆሮዬ እሰማ በነበረ ጊዜም መኪና በስህተት ይፈታ ነበር" አለቻቸው። "እዚህ ግቢ ሰው የሚነጋገረው እየሮጠ ነው። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝና አነጋገራችንን ልለውጠው። ካልሆነ የመለዋወጫውን ቁልፍ ራሴ መጥቼ እረከባለሁ።"

አቶ ስለሺ እያመነቱ ተስማሙ።

መጀመሪያ ስልኩን ከእጇ አወጣች። ለእንግዳ ተቀባይዋ ለሔለን ሰጠቻትና የሚያስቸኩል ካልሆነ እስከ ምሳ እንዳትጠራት ለመነቻት፤ ለደወለው ሁሉ ዘርትሁን ራሷ ምሳ ላይ አንዴ ትመልሳለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራ የሚያወራ ሰው ሞተር ያጠፋል፤ ፊት ለፊት ይቆማል። ደንበኛው ችግሩን መኪናው አጠገብ ቆሞ ለመካኒኩ ለራሱ ይናገራል፤ መካኒኩ ደግሞ አንድ ብሎን ሳይነካ የተረዳውን መልሶ ይነግረዋል። ጠዋት ጠዋትም ሁሉም ምን እንደቀረውና ምን እንደያዘው በአጭሩ ሳይናገር ሥራ አይጀመርም።

ያስቸገራት ሌላ ማንም ሳይሆን ያዳነችው ደቻሳ ነው። ይህን ያህል ዘመን ሠርቶ የሰማውን እንደ ሕፃን መድገሙ አሳፈረው፤ ጋራዡን ተማሪ ቤት አደረግሽው ብሎ አኮረፈ። እሷ አልተቆጣችም።

"የምትደግመው አንተ ስለማታውቅ አይደለም" አለችው። "እኔ በትክክል መናገሬን እንዳውቅ ነው።"

ከዚያ በኋላ ያለ ፍላጎቱም ቢሆን መድገም ጀመረ። አንዲት ሴት ሞተሯ እየሞቀ እንዳስቸገራት ነግራው፣ "እንግዲህ መንገድ ተዘጋግቶ ስትቆሚ ነው የሚሞቀው" ብሎ ሲደግምላት፣ የለም፣ የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ ብቻ ነው አለችው። መኪና ቆሞ ሲሞቅ የሚጠረጠረውን ቬንቲላተር ሊፈታ የነበረው ደቻሳ ሐሳቡን ቀይሮ ራዲያተሩን አየ፤ ተደፍኖ አገኘው። ስለዚህ ነገር ለዘርትሁን ምንም አላላትም። ግን ሳይደግም ሥራ የሚጀምር መካኒክ ሲያይ ቀድሞ የሚቆጣው እሱ ሆነ።

ተሠርቶ ወጥቶ በዚያው ችግር የሚመለስ መኪና ቀነሰ። ሲመሽ ይወጣ የነበረው በጊዜ ይወጣል። የመለዋወጫውን ቁልፍ ነገር አቶ ስለሺ ዳግመኛ አላነሱትም። ዘርትሁንን የገረማት ሌላ ነው፤ ሁሉንም ባንዴ ስትሠራ የኖረች መስሏት ሁሉንም በግማሽ ስትሠራ እንደነበር አሁን ታያት። ቤቷም ጭንቅላቷ ቀሎት ነው የምትገባው። ሩታ ከሥራ ያመጣችውን ወሬ ጀምራ እስክትጨርስ እናቷ ዓይን ዓይኗን እያየች ታዳምጣታለች።

ባለፈው ዓመት ዘርትሁን አክስቷ ታማባት ልታስታምም ሄዳ ሰነበተች። እኔ ከሌለሁ ነገሩ ይፈርሳል ብላ እየሰጋች ነበር። ስትመለስ በሩ ላይ ቆም አለች። የሚጮህ ሞተር የለም። ደቻሳ አንድ አዛውንት ደንበኛ ፊት ቆሞ "ልድገምልዎት፣ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ" ይላል። ሌሎቹም በየመኪናቸው ሥር ተፍ ተፍ ይላሉ። መምጣቷን ማንም ልብ አላለም።

ደስ አላት። ያለ እሷም መሥራታቸው ደግሞ ትንሽ ከነከናት። ከዚያ ቱታዋን ለብሳ ገባች።