ያለ ምንም ዱር ማደር

እርጥብ ግራር ሲነድ የሚወጣውን ጭስ አውቀዋለሁ፤ ዓይን ይለበልባል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ልብስ ላይ ከተቀመጠም በአንድ እጥበት አይለቅም። ባለፈው ጥር ከመርሳ በላይ ካለው ኮረብታ ግርጌ ቆሜ ይህንኑ ሽታ አሸተትኩ። ያነደዱት፣ ወይም ለማንደድ ሲታገሉ የዋሉት፣ ወልድያ አብረውኝ የሚሠሩ ወጣቶች ነበሩ። «ሰርቫይቫል» ይሉታል። ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቅ፣ ያለ ምንም ዕቃ ዱር ገብቶ ሁለት ሌሊት ማደር ነው አሉኝ። የዚህ «ምንም» ዝርዝር ሁለት ባጃጅ ሞላ። ድንኳን፣ የሚታጠፍ ወንበር፣ ለፀሐይ የሚቀቡት ቅባት፣ የስልክ ባትሪ መሙያ፣ ክብሪት አንነካም ብለው ከተማማሉ በኋላ ደግሞ በየኪሳቸው ላይተር። የአገሩ ልጅ ነሽ ተብዬ መንገድ መሪ ሆኜ ነበር የሄድኩት። ዱር ያሉትም ዱር አልነበረም፤ የአንድ ገበሬ የግጦሽ መሬት ነው። ሰውዬው ላሞቹን በድንኳኖቹ መካከል እየነዳ መጥቶ፣ ቆም ብሎ ካያቸው በኋላ፣ «እንደምን ዋላችሁ? ምን ቸገራችሁ ልጆቼ?» ብሎ ከልቡ አዝኖ ሲጠይቃቸው፣ በስልክ የምንቀርጸውን አበላሸህብን ብለው ፊታቸውን አጠቆሩበት።

ይህን ሁሉ ዳር ቆሜ በንቀት ሳይ ዋልኩ። ንቀት ከአባቴ የወረስኩት ሙያ ነው፣ ከእሱ ሌላ የወረስኩት ነገርም የለኝም።

ቤታችን ከመርሳ ወደ ምሥራቅ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወረድ ብሎ፣ ሙቀቱ እየባሰ ከሚሄድበት ሜዳ ላይ ነበር። አባቴ እንድሪስ ማሽላ ያርሳል፣ ሲያርስ ውሎ ማታ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሰው ዘር ያቃልላል። ደገኛውን ፀሐይ ሲያየው እንደ ቅቤ ይቀልጣል ብሎ፣ የመርሳን ነጋዴ ጥላ ሥር ተወልዶ ጥላ ሥር አረጀ ብሎ፣ የውርጌሳን ሰው መንገድ ዳር ተቀምጦ አውቶብስ ሲቆጥር ይውላል ብሎ፣ ወልድያ ቢሮ ያለውን ወረቀት ያርሳል ብሎ ይንቅ ነበር። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ወንድሜ ይማም አሥራ ሰባት። አባታችን አንዱን ሰው ሲያነሳው ሁለታችን ከግራና ከቀኝ ተቀምጠን ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። እናቴ ግን ሥራዋን አታቋርጥም። «ተዉ እንጂ፣ የአላህ ፍጡር ነው» ከማለት በቀር ከሳቁ ውስጥ ገብታ አታውቅም።

ያ ንቀት ወደ ራሳችን ቤት የዞረው በክረምት ነው። የይማም የአሥረኛ ክፍል ውጤት መጣና እንዳላለፈ ታወቀ። ዝናቡ ጭቃውን እያቦካ፣ ይማም ከመርሳ ድረስ በባዶ እግሩ መጥቶ፣ ጫማውን በእጁ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ነገረን። አባቴ ከእግር እስከ ራሱ አየውና፣ «እኔ የማልፈልግህ ብቻዬን መስሎኝ ነበር፣ ለካ መንግሥትም አይፈልግህም» አለው። እኔ ሳቅሁ። ይማምም ሳቀ፣ ከእኔ ትንሽ ዘግይቶ።

መኸር ሲገባ ማሽላው ፍሬ ያዘና ጥበቃው መጣ። ቀን ወፍ፣ ከመሸ ከርከሮ ስለሚገባበት፣ በእርሻው መካከል በአራት ቋሚ እንጨት ላይ ማማ ሠርተን በየተራ ወንጭፍ ይዘን እንወጣ ነበር፤ ብርድ ይመታናል፣ ቁንጫ ይበላናል፣ ሲነጋ ወርደን ወደየሥራችን እንሄዳለን፣ ማንም ለዚህ ስም አላወጣለትም። የይማም ነገር የጀመረው እህሉ ከገባ በኋላ ነው። የሚጠበቅ ነገር ሳይኖር ማማው ላይ ማደሩን ቀጠለ፣ ያውም ጋቢውን ቤት ጥሎ። ፍየሎች እንኳ ጥላ ፍለጋ በሚጋፉበት ቀትር ላይ ደግሞ ታጭዶ ባለቀው ማሳ መካከል አናቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ይቀመጥ ጀመር። አባቴ ከጥላው ሥር ሆኖ በእጁ እያመለከተ፣ «ይኸው፣ ሰው ወለድኩ ስል እንሽላሊት ወለድኩ» ይላል። አንድ ቀን ይማም ከመርሳ ውርጌሳ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ ውሃ በአፉ ሳይዞር ደርሶ መልስ ሲመጣ፣ ያ ሁሉ አውቶብስ በአጠገቡ እያለፈ በእግር መሄዱን የሰሙ ጎረቤቶች ለአባቴ ነገሩት። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው ነገር ወዲያው አልመጣለትም። ትንሽ ቆይቶ ግን «አውቶብሱ ከእሱ ጋር መሄድ አፍሮ ይሆናል» አለና እኔና ጎረቤቶቹ ሳቅን።

ጥር ላይ ይማም አንድ ቢላ፣ ሁለት ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ኮዳ ውሃና በፌስታል የተቋጠረ በሶ ይዞ፣ ለእናቴ «ሦስት ቀን ቆይቼ እመጣለሁ» ብሎ ወደ ቆላው ወረደ። በማግስቱ ጠዋት እናቴ አባቴ እንዳያይ ሁለት ቂጣ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝና ፈልጊው አለችኝ። እየተነጫነጭኩ ሄድኩ። ያገኘሁት ደረቅ ወንዝ ዳር ካለ ግራር ሥር ነው፤ እርጥብ እንጨት ሰብስቦ ሲያጨስ አድሮ ዓይኑ ቀልቷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ እሳቱም ጠፍቷል። የዱር ጀግና ብዬ ልስቅበት ስል ኮዳውን አየሁት። ውሃው ብዙም አልጎደለም።

«ውሃ እያለህ ለምን አትጠጣም?» አልኩት።

«በክዳኑ ነው የምጠጣው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።» ክዳኑን አሳየኝ። «ከአፋር ወዲያ ውሃ የለም ይላሉ፣ የሄዱት ልጆች ነግረውኛል። እስከ ባሕሩ ድረስ በእግር ነው። ቀድሞ የሚወድቀው በመጀመሪያው ቀን ጠጥቶ የጨረሰው ነው። ሦስት ቀን ከቻልኩ እሄዳለሁ።»

«ወዴት?»

«ሳውዲ ነዋ፣ ወዴት ይሆናል?» አለና እጄን ያዘኝ። «ለማንም አትናገሪ። ወላሂ በይ።»

«ወላሂ» አልኩ። ቂጣውን ብሰጠው አልቀበልም አለ፣ እዚያ ማን ቂጣ ያመጣልኛል ብሎ። እኔም ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ሁለቱንም በልቼ ጨረስኩ፣ ለእናቴም በልቶ መረቀሽ አልኳት።

በእኛ አገር ቤት እያለው ደጅ የሚያድር ሰው ወይ አብዷል ወይ ከአባቱ ተጣልቷል። እንጨት ለቀማ የወረዱ ሴቶች ይማምን ከግራሩ ሥር አይተውት ነበርና፣ ሰላምታውን በደንብ ስለመለሰ አለማበዱን አረጋገጡ፤ እንግዲህ የቀረው ጠብ ነው። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ይማም እግሩን እየጎተተ ቤት ሲደርስ፣ ሼህ አደም፣ አገሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ፣ ሁለት ሰዎች አስከትለው አባትና ልጅ ሊያስታርቁ በራችን ላይ ቆመው ነበር። አባቴ ይህን ውርደት አልጠበቀም። የሰውን ገመና ሲያወራ የኖረ ሰው የራሱ ገመና ሽምግልና ተቀመጠበት።

«አንተ እንድሪስ፣» አሉት ሼህ አደም ቁርበቱ ላይ ከተቀመጡ በኋላ፣ «ልጅ ከጅብ ጋር የሚያድረው አባቱ ከጅብ ሲብስበት ነው። ምን በደልከው?»

«ኧረ አልተጣላነም ሼህ፣ አንቱ ደግሞ! የሚሠራው ቢያጣ ነው እንጂ።»

ወደ ይማም ዞሩ። «ልጄ፣ አብሽር፣ አትፍራ። አባትህ ምን አደረገህ?»

«ምንም አላደረገኝም» አለ ይማም። ድምፁ ደርቆ ነበር። አንዳቸውም አላመኑትም። ሼህ አደም ቤቱን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ፣ «የሚያውቅ ካለ ይናገር። ልጅም ቢሆን ይናገር፣ ኋላ ከመጸጸት» አሉ፣ ዓይናቸውም እኔ ላይ አረፈ። እናቴም አየችኝ፣ ይማም ጋ ደርሼ የመጣሁት እኔ ነኝና። ይማም ብቻ አላየኝም፣ የተላጠ እግሩን ነበር የሚያየው።

ብናገር ይቀር ነበር። ይህን ያኔም አውቀው ነበር፤ ሼህ አደም አንድ ቃል ቢሰሙ ኖሮ ይማምን ይዘውት ሄደው እቤታቸው ያስቀምጡት፣ መሬት ይለምኑለት፣ ሚስት ይፈልጉለት፣ ብቻ አይለቁትም ነበር። ዝም ብልም ቃሌን ጠበቅሁ እል ነበር። እኔ ግን አባቴ ከንፈሩን ነክሶ አንገቱን ደፍቶ ሳየው፣ ሽማግሌ ፊት እንዲህ ሲያንስ አይቼው አላውቅምና፣ ብድግ አልኩ። ይማም ዱር ውስጥ ጃርት ሲንኮሻኮሽ ሰምቶ «እማዬ!» እያለ ግራር ላይ ሲወጣ፣ እሾህ ሲወጋው፣ ጃርቱ ደግሞ ደንግጦ ሲሸሽ፣ ሁለቱንም ሆኜ እየተንከባለልኩ አሳየኋቸው። ጃርት የሚባል ነገር አላየሁም፣ ከራሴ ነው የፈጠርኩት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሼህ አደም እንኳ አፋቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ። አባቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀና፣ «የእኔ ልጅ! ነይ እዚህ!» ብሎ ከጎኑ አስቀመጠኝ። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ነው ተባለና ዱዓ ተደርጎ ተበተነ። ያን ቀን ከእኔ የሚኮራ ፍጡር አልነበረም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ መርሳ ገበያ ደረሰ። ይማም ሲያልፍ «ጃርቴ!» ይሉት ጀመር፣ አንዳንዱም ግራር ላይ የሚወጣ መስሎ ያሳየዋል። አልተቆጣኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከብት ውሃ ስናጠጣ፣ «ጃርት እኮ አልነበረም» አለኝ፣ የረሳሁት ይመስል።

በልግ ዝናብ ጣል ሲያደርግ፣ አባቴ ዘር ሊዘራ በሬ እያዘጋጀ ሳለ፣ ይማም ከሁለት የመርሳ ልጆች ጋር ሄደ። ጋቢው ታጥፎ መደቡ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ከሁለቱ ልጆች አንዱ ከዓመታት በኋላ ከሳውዲ ተባርሮ ሲመለስ ቤታችን መጥቶ ነበር። ከባሕሩ በፊት ደላሎቹ ለሁለት ከፈሉን፣ ይማም ከሌላኛው ቡድን ጋር ሄደ፣ ከዚያ በኋላ አላየሁትም አለ። ስንለያይ እሱ ብቻ ነበር ውሃ የቀረው፣ ከዚያም ላይ አቀመሰን አለ። ሌላ ነገር ከማንም ሰምተን አናውቅም። ለቅሶ አልተቀመጥንም፣ አባቴ አልፈቀደም።

በዚያ ባለፈው ጥር የቢሮ ጀግኖቼን ከነወንበራቸው ትቼ ቤተሰቦቼ ዘንድ ወረድኩ። አባቴ አርጅቶ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል፣ እናቴ ከውስጥ ዱቄት ትነፋለች። በለመድነው መንገድ ስለ ወጣቶቹ እያቃለልኩ አወራሁለት፤ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ቅባቱ፣ ስለ ላይተሩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከእኔ የባሰ ይጨምርበት ነበር። ያን ዕለት ግን እስክጨርስ ሰማኝና «ታዲያ ለምን ይለማመዳሉ? የሚሄዱበት አላቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አባ፣» አልኩ፣ «ይማም ያኔ በረሃውን ሲለማመድ ነበር። ነግሮኝ ነበር። ሽማግሌ ፊት ያን ጃርት የቀጠፍኩት እያወቅሁ ነው።»

እጁን ጉልበቱ ላይ አሸት አሸት አደረገ።

«እኔም አውቅ ነበር» አለ። «ውርጌሳ ደርሶ የመጣ ቀን ነው የገባኝ። ሂድ እንዳልለው ልጄ ነው፣ አትሂድ እንዳልለው የምሰጠው የለኝ። ስንስቅበት አፍሮ ይቀራል ብዬ ነው።»

ከውስጥ የወንፊቱ ድምፅ ቆመ። እናቴ እጇ ዱቄት እንደሆነ ወጥታ በሩ ላይ ቆመችና አንዴ አባቴን፣ አንዴ እኔን አየችን። ያኔ እያወቅን የሳቅነው እኛ ሁለታችን ነበርን፣ ከዚያ ቤት ያልሳቀችው እሷ ብቻ ናት፣ ያላወቀችውም እሷ ብቻ። አሁን ሦስታችንም እናውቃለን። ተመልሳ ገባች፣ ወንፊቱን ግን እስኪመሽ ድረስ አላነሳችውም።