መርዶ ይዘው ለመጡት ቻፕሉን ሳስጎበኝ

ሴንት ፖል ውስጥ ስላለው ስለዚያ አሮጌ ቻፕል፣ ስለ ጸሎት ቤቱ፣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በዘጠናዎቹ ሚኒሶታ ውስጥ አልነበረም። ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ጃኒተሩ እኔ ነበርኩ። ቁልፉ እኔ ኪስ፣ ማሞቂያውን ቦይለር በጠዋት የምቀሰቅሰው እኔ፣ ቤዝመንት ውስጥ አቧራ የጠጡትን ወረቀቶች ዲክሽነሪ ይዤ ያነበብኩት እኔ። ትምህርቴ ስምንተኛ ላይ ነው የቆመው፤ የቀረውን ራሴ ሞላሁት።

ታዲያ አንድ የዊንተር ቅዳሜ ማለዳ የእህቴን ሞት ሊያረዱኝ መጡ። ያሳደገችኝ እህቴ ናት፤ እናቴ ብላት ይቀላል። እኔ ግን ጎብኚ የመጣ መስሎኝ አስጎበኘኋቸው።

ከአገር ቤት ስልኩ የደረሰው ለእድራችን ሽማግሌ ነው። ደንቡ ይሄው ነው፤ መርዶ ለሐዘኑ ባለቤት በስልክ አይነገርም፣ በጠዋት ሄደው አስቀምጠው ነው የሚያረዱት። ብሩክሊን ፓርክ ቤቴ ሲደርሱ እኔ ወጥቻለሁ። ሚስቴን ይዘው ቻፕሉ ድረስ ድራይቭ አድርገው መጡ። እሷ ፊቷን እንዳላይባት መኪና ውስጥ ቀረች። የገቡት ሽማግሌውና ማታ ማታ ፋብሪካ አብሮኝ የሚሠራው ወሎዬ ጓደኛዬ ናቸው።

"ቁርስ በልተሃል?" አሉኝ ሽማግሌው ገና በሩ ላይ።

"በልቻለሁ ጋሼ! ያልበሉ የሚመስሉት እርስዎ ነዎት።"

ወሎዬው መሬት መሬት አየ። እኔ እኮ ስንቱን ሰው አርድቻለሁ! አፉ ያለዝበዋል ብለው መጀመሪያ የሚጠሩት እኔን ነው። በማለዳ "ቁርስ በልተሃል?" ሲባል ምን እንደሚከተል የማውቅ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን የታየኝ እንግዳ ብቻ ነው።

ጀመርኩ። "ይሄን የሠሩት ከዌልስ የመጡ ሰዎች ናቸው። የእንግሊዙን ንጉሥ ቤተ ክርስቲያን አንፈልግም፣ ሰባኪያችንን ራሳችን እንመርጣለን ብለው ያፈነገጡ። ለዚህ ነው ሥዕል የለ፣ መስቀል የለ። አዩ ጋሼ፣ መስኮቱ እንኳ ቀለም የሌለው መስታወት ነው።"

"ጎሽ። እስኪ ቁጭ በል።"

"ጉብኝት ቁጭ ተብሎ?"

ወሎዬውን ክንዱን ይዤ አዞርኩት። ባልኮኒው በቀጫጭን የብረት ምሰሶዎች ላይ ሆኖ አዳራሹን በሦስት በኩል አቅፎታል። አግዳሚ ወንበሮቹ ጎበጥ ብለው ሁሉም ወደ መስበኪያው ይዞራሉ። መስበኪያው ደግሞ ጥግ አይደለም፤ መሀል ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ ደረጃ ያለው። "እነሱ ዘንድ ዋናው ቃሉ ነው" አልኩ። "የሚታይ ነገር የለም፣ የሚሰማ እንጂ።"

"እንደ መስጊድ ነዋ" አለ ወሎዬው ባዶውን ግድግዳ እያየ።

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ስገድ!"

አልሳቀም። ይሄ ሰው እኔ ሳስነጥስ እንኳ የሚስቅ ነው።

ዋናውን ላሳያችሁ ብዬ ባልኮኒው ሥር፣ መጨረሻው ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና መስበኪያው ላይ ወጣሁ። ጣሪያው እንጨት ነው፣ እንደ ተገለበጠ ጀልባ የጎበጠ። ማይክ ባልነበረበት ዘመን ሰባኪው ቢያንሾካሹክ ኋላ ድረስ ይሰማ ነበር። ላንሾካሹክ አፌን ስከፍት ሽማግሌው ወደ ወሎዬው ጆሮ ጎንበስ አሉ።

"እህቱ ማረፏን አንተ ንገረው፤ እኔን አፌ እምቢ አለኝ።"

ጆሮዬ ሥር የተናገሩ ያህል ሰማሁት። ጣሪያው ከኋላ ወደ ፊትም እንደሚሠራ ወረቀቶቹ ላይ አልነበረም።

አልጮህኩም። እጄን እንጨቱ ላይ እንዳደረግሁ ቀጠልኩ። "ይሄ ኦክ ነው" አልኩ። ስለ መሠረቱ ድንጋይ ተናገርኩ፤ ከወንዙ ዳር ተፈልፍሎ በጋሪ እንደመጣ። ስለ ጡቡ ተናገርኩ። ፊት ለፊት እስካልነገሩኝ ድረስ መርዶ አይደለም፤ እስካወራሁ ድረስ ደግሞ አይነግሩኝም። ውስጤ የጥርስ ሐኪም መርፌ እንደወጋው ድድ ደንዝዟል። የእህቴን መልክ ስፈልገው ጡብ ይመጣልኛል።

ወሎዬው ተነሳ። ደረጃውን ወጥቶ እጄን ያዘ።

"ወንድሜ፣ ጨረስክ?"

"ገና ነኝ። ቤዝመንቱን አላየህም።"

"ቤዝመንቱን ሌላ ቀን ታሳየኛለህ።"

"ኦርጋኑስ?"

"አብሽር" አለኝ። "እህትህ ሄዳለች። አላህ ያጽናህ።"

ሽማግሌው ከታች ማልቀስ ጀመሩ። ቆሜ አየኋቸው። "ጋሼ፣ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ፣ እዚያ ይበርዳል" አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ የቦይለሩ ሙቀት ያ ወንበር ጋ አይደርስም።

መኪና ውስጥ ከሚስቴ ጋር ኋላ ተቀመጥኩ። ዝምታ አልችልበትምና አንድ ቀልድ ጀመርኩ፤ ሰው ካረዳሁ በኋላ ለልቅሶ ደራሽ የማወራትን። ሳልጨርሳት ሚስቴ እጇን አፌ ላይ አደረገች። ጓንት አላደረገችም፤ ያን ሁሉ ሰዓት ሂተሩ በማይሠራ መኪና ውስጥ ነው የጠበቀችኝ። እጇ በረዶ መሆን ነበረበት። አልተሰማኝም።