የእድሩ አግዳሚዎች

የሰፈራችን እድር ቤቱን ከኳስ ማወራረጃው ቤቲንግ ያስለቅቅ አያስለቅቅ ብሎ ሰሞኑን እንደገና እየተከራከረ ነው። እኔ አልሄድም። ክርክሩን አንዴ ሰምቼዋለሁ።

ቦንጋ ገበያ አጠገብ ያለው ክፍል የእድሩ ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ወንበር ማስቀመጫ ነበር። የቤቲንጉ ሰውዬ ልከራይ ብሎ ሲመጣ ባለሱቁ ጎረቤታችን ደገፈው። «መንግሥት ፈቃድ የሰጠውን እኛ ማን ነን የምንከለክል? ወጣቱ እንደሆነ እዚህ ባይሆን ሌላ ቦታ መጫወቱ አይቀርም» አለ።

የእድሩ ዳኛ አባቴ ነበር። «ለሙት ያሠራነው ቤት ነው። ልጆቻችንን በቁማቸው አንቅበርበት» ብሎ ተቀመጠ። ማንን እንዳሰበ ሁሉም ያውቃል። ወንድሜ ባጃጁን እያቆመ ኳስ ሲወራረድ መዋል ከጀመረ ቆይቷል። እጅ ሲወጣ ግን አባቴ ተሸነፈ። ተከራዩ ወንበር እንኳ አልገዛም፤ ሰው ሲሞት ሊመልስ ተስማምቶ የእድሩን አግዳሚዎች ቴሌቪዥኑ ፊት ደረደረ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወንድሜ ቤት መግባት ተወ። አባቴ ሲታመም «እሱ እኮ ጠንካራ ነው፣ ከጨዋታው በኋላ እመጣለሁ» ይለኝ ነበር። አባቴ በመንገዱ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ከትራሱ ቀና ይላል። ድምፁ ሲርቅ ተመልሶ ይተኛል።

አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አረፈ። ጡሩንባው ተነፋ፤ ቤቲንግ ቤት ግን ከጨዋታው ጩኸት በላይ የሚሰማ ነገር የለም። የእድሩ ሰዎች አግዳሚዎቹን ሊወስዱ ሄዱ። ወንድሜ ፊት ለፊት ተቀምጧል። የአባት መርዶ ደግሞ እንዲህ በድንገት፣ ሰው መሀል አይነገርም፤ ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ነው የሚያረዳው። ስለዚህ «ማን ሞቶ ነው?» ሲላቸው «የሰፈር ሰው ነው» አሉት።

«እስኪያልቅ ትንሽ ታገሱን» አለ። ታገሱት። ግድግዳውን ተደግፈው ጨዋታው እስኪያልቅ ቆሙ።

ያን ቀን ቀንቶት ነበር። ደስ ስላለው ላግዛችሁ አለ፤ ተው ቢሉትም እንቢ ብሎ ከባለሱቁ ጋር አንዱን አግዳሚ ተሸከመ። እኔ በራችን ላይ ቆሜ ሲመጡ አየሁ። ባለሱቁ ወደ ግቢያችን ሲታጠፍ ወንድሜ ቆመ።

«እዚህ አይደለም፤ ተሳስታችኋል» አለ።

አግዳሚውን እንደያዘ ዝናብ ላይ ቆሞ አየኝ።