ከዘጠኝ ወደ ኋላ

ልብስ ሰፊዋ ከነጋ ጀምሮ አንድ ቦታ አልረጋችም። ሃያ ዓመት ሙሉ የጠረጴዛ ልብስ ሰፍታለች። የጠረጴዛውን ጎን ይነግሯታል፤ በግራና በቀኝ ግማሽ ግማሽ ሜትር ለሚወርደው አንድ ሜትር ትጨምራለች፤ ድምሩን በራሱ ታባዛለች፤ የጨርቁ ስፋት ይመጣል። ትናንት ግን አለቃዋ ነገሩን ገለበጠባት።

«የአዳራሹ ሰዎች ጨርቁን ቀድመው ገዝተዋል። አራቱም ጎኑ እኩል፣ ስፋቱ ዘጠኝ ካሬ ሜትር። የጠረጴዛውን ጎን አንቺ አውጪና ለአናጢው ንገሪው። ካወቅሽበት የቆራጭነቱ ቦታ ያንቺ ነው።»

ከዘጠኙ አንዱን ቀነሰች፤ የስምንትን ስኩዌር ሩት አወጣች። «ሁለት ሜትር ከሰማንያ ሦስት» ብላ ለአናጢው ላከችለት። ከዚያ ወዲህ ልቧ እንደ ስፌት መኪናዋ ፔዳል ከፍ ዝቅ ይላል።

ስፌቱ የተጣመመ ትራስ መተርተር ያዘች፤ እያንጎራጎረች።

በመጣሁበት መንገድ ልመለስ ብዬ፣
የኋላዬ ፊቴ ሆነ፣ ፊቴ የኋላዬ።

የትራሱ የዳር ዘርፍ የተሰፋው መጨረሻ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚተረተረው እሱ ነው። እጇ ቀጥ አለ። እሷስ ስትሄድ መጨረሻ ያደረገችው ማባዛቱን አይደል? ታዲያ ስትመለስ ምን ቆርጧት ነው ከመቀነሱ የጀመረችው? መጀመሪያ የዘጠኝ ሩት፣ ሦስት፤ ከዚያ አንድ ሲቀነስ፣ ሁለት። በጠመኔ ጠረጴዛዋ ላይ ጻፈችው።

ለምሳ የመጣችው ልጇ ከትከሻዋ በላይ አየችባት። «እማ፣ የዘጠኝ ሩት እኮ ኔጌቲቭ ሦስትም ነው።»

«እንግዲህ ከሱ ላይ አንድ ስቀንስ ኔጌቲቭ አራት። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ማን ሊበላ ነው?»

«አስተማሪያችንም ርዝመት ከሆነ ጣሉት ነው የሚሉን።»

እናት ግን ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጥታለች። የመጋዙ ድምፅ ከመንገዱ ማዶ ተሰማት፤ ሮጣ ተሻገረች። አናጢው ገበታውን ቆርጦ ጨርሷል።

«ሁለት ሜትር ነው ወንድሜ፣ ሁለት ብቻ። በዚህ ላይ ጨርቄ ስንዝር እንኳ አይወርድለትም።»

አናጢው እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። «አሳንሰሽ ቢሆን ኖሮ አብረን ነበር የምናለቅሰው። ይሄንንስ አሳጥረዋለሁ። አለቃሽ ቢጠይቀኝ የመጀመሪያውን ልክ እንዳልሰማሁ ልሁን?»

«ተው፣ እኔው እነግረዋለሁ።»

ነገረችው። አለቃዋ ትልቁን የቆራጭ መቀስ ከመስቀያው አውርዶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት።

«ሌላ ጊዜ ከመላክሽ በፊት ወደ ፊት ቁጠሪው።»

መቀሱን ሳትነካ በጠመኔ ጫረች። ሁለት፣ አንድ ሲጨመር ሦስት፤ ሦስት በሦስት ዘጠኝ። አጠፋችው። እንደገና ጫረች።