አቶ አባይነህና ፊውዝ የሚበላው ሚኒባስ

ቤቴ መሐል ሜዳ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከአቶ አባይነህ የቆርቆሮ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ደጃፌ ላይ የበግ ጠጉር ስፈትል ሥራቸውን አያለሁ። የመኪና ኤሌትሪክ ይሠራሉ። ሙያውን የለመዱት ወታደር ሳሉ፣ የመገናኛ ሬዲዮ ሲጠግኑ ነው። ካቻቢቴዎቻቸውን ከአሮጌ ሱሪ በተሰፋ ጨርቅ ውስጥ ከትልቁ እስከ ትንሹ ደርድረው ይይዛሉ። መነጽራቸው አንዱ ክንፉ ስለተሰበረ በክር አስረው ነው ጆሯቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት።

አንድ ጠባይ አላቸው። ባለመኪናው በገዛ እጁ መኪናው ውስጥ ያደረገውን ነገር ሳያስፈቅዱ አይነኩም። ወጣት ሳሉ የአንድ ሾፌር መኪና ሲሠሩ፣ ቆሻሻ መስሏቸው አንድ ብጣሽ ክር ጣሉ። ለካ የሞተ ልጁ ማተብ ኖሯል። ይህን አንድ ቀን ብቻ ነግረውኛል፤ ሲነግሩኝም ወደ መሬት እያዩ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ መሳፍንት አሮጌ ሚኒባሱን ይዞ መጣ። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን የሚመላለስ ሾፌር ነው። በማግስቱ ሐሙስ ደብረ ብርሃን ለዓመታዊው የመኪና ምርመራ ቀጠሮ አለው። ነገር ግን የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚበራው ነጩ መብራት ከሁለት ሳምንት ወዲህ ጠፍቷል። እሱ ካልበራ ምርመራውን አያልፍም፤ ካላለፈ ደግሞ ሰው መጫን አይችልም። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ የሚተዳደሩት በዚያች ሚኒባስ ገቢ ነው።

አቶ አባይነህ አዲስ ፊውዝ ከተቱ። መሳፍንት የኋላ ማርሽ ሲያስገባ ወዲያው ተቃጠለ። ሌላም ከተቱ፤ ያም ተቃጠለ።

"ጋሼ፣ ይሄ ሁለተኛው ነው። ፊውዝ አምሮዎታል እንዴ?" አለ መሳፍንት።

"ዛሬ ረቡዕ ነው፤ እኔ ጾመኛ ነኝ። የሚበላው መኪናህ ነው።"

ከዚያ ፊውዝ ማባከኑን ተዉና በፊውዙ ቦታ አንዲት አምፖል በሁለት ሽቦ አገናኙ። ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ የመኪናውን ብረት ነክቶ ከሆነ አምፖሏ ትበራለች፣ የነካበት ሲላቀቅ ትጠፋለች አሉት። የኋላዎቹን ሁለት አምፖሎች ነቀሉ። የሙከራዋ አምፖል አሁንም ቦግ ብላ በራች። ስለዚህ ጥፋቱ ከማርሹ ወደ ኋላ በሚሄደው ሽቦ ላይ ነው ማለት ነው።

መኪናው ሥር በጀርባቸው ተኝተው ሽቦውን በጣታቸው እየዳበሱ ተከተሉት። ወጥተው ወንበሮቹን አስነሱ። እስከ መጨረሻው ወንበር ደህና ነው። ከዚያ ወዲያ ሽቦው ባና ሥር ገባ።

ከበግ ጠጉር የተሠራ ጥቁርና ነጭ የብርድ ልብስ ነው። የመኪናው የጎን ሽፋን ሲገነጠል መሳፍንት በምትኩ ኮምፔንሳቶ አደረገ፤ በላዩ ላይ ደግሞ ባናውን በምስማር መታው። ኋላ የሚቀመጡትን ሽማግሌዎች መንገዱ የሚያልፍበት የጣርማ በር ተራራ ብርድ እንዳይጎዳቸው ብሎ ነው።

"እዚያ ጋ ምንም የለም፣ ጨርቅ ነው" አለ መሳፍንት ፈጠን ብሎ። "የእናቴ ነው።"

አቶ አባይነህ እጃቸውን ሰበሰቡ። እናቱ ሸዋረጋ በፍልሰታ ነው ያረፈችው። የዚያን ባና ጠጉር የፈተለችው እኔ ደጃፍ ተቀምጣ ነበር።

አቶ አባይነህ ወደ ማርሹ ተመልሰው ያንኑ ሽቦ እንደገና መዳበስ ጀመሩ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ባናውን ሦስት ጊዜ አይተው ሦስት ጊዜ ፊታቸውን ሲያዞሩ አየሁ። መናገር ፈልጌ አፈርኩ።

በመጨረሻ የሚኒባሱ መወጣጫ ላይ ተቀመጡ። "መሳፍንት ልጄ፣ ያልነካሁት ያንን ባና ብቻ ነው። ካልፈቀድክ አልነካውም። ከፈቀድክም አንተው ንቀለው።"

"እንዲሁ ይዤው ብሄድስ?"

"ትመለሳለህ።"

መሳፍንት ፒንሳውን ተቀበላቸው። እንዝርቴን አስቀምጬ ሄድኩና ጠጉሩ እንዳይሳብ የባናውን ጫፍ ያዝኩለት። ምስማሮቹ አሥራ አንድ ነበሩ። ሰባተኛው ሲነቀል፣ ከፊት ሆነው የሙከራዋን አምፖል ሲያዩ የነበሩት አቶ አባይነህ "ጠፋች" አሉ።

የምስማሩ ጫፍ ጠቁሯል። ሲመታ የሽቦውን ልባስ ጭሮት አልፏል፤ የቀረውን የኮረኮንቹ መንገድ ንቅናቄ ሲፍቀው ሰነበተ።

"እኔው ነኛ የወጋሁት" አለ መሳፍንት።

"አንተ እናትህን ብለህ ነው። እኔ ግን ጠዋት ልጠይቅህ ሲገባኝ ፈርቼ ቀንህን በላሁት።"

የተጎዳውን ሽቦ ቆርጠው ቀጠሉ፣ በፕላስተር ጠቀለሉ፣ ከኮምፔንሳቶው አርቀው አሰሩት። አምፖሎቹንና አዲስ ፊውዝ መለሱ። የኋላ ማርሽ ሲገባ ሁለቱም መብራቶች በሩ። መሳፍንት ባናውን አጣጥፎ ኋላ ወንበር ላይ አነጠፈው። ምስማር የበሳውን ቦታ እዚያው ቆሜ በመርፌ ጠቀምኩለት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሚኒባሱ ተመለሰ። መሳፍንት ክላክስ እንኳ ሳያደርግ አዞረና በኋላ ማርሽ እየመጣ እስከ ሱቁ በር ደረሰ። ሁለቱ ነጭ መብራቶች በርተዋል። አቶ አባይነህ በእጃቸው የያዙትን ባትሪ ሳያስቀምጡ አዩት።

"የግራው ይደበዝዛል።"

"አልፌያለሁ እኮ ጋሼ።"

"አይቻለሁ። ውረድና ካቻቢቴውን አቀብለኝ፤ አምፖሉን እንለውጠው።"