ቁልፉ ወጥቶ የማይጠፋው ሞተር

ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ደንበኛው ሁሉ «ጋሽ ጆሮ» ነው የሚላቸው። ሞተር አስነስተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆም ይላሉ። ከዚያ «ይኼ ካንዴላ ነው»፣ «ይኼ ቫልቭ ነው» ይላሉ። ተፈትቶ ሲታይ እንዳሉት ነው። መመርመሪያ መሣሪያ ይግዙ ሲባሉ ይቆጣሉ፤ «ሐኪምም ማዳመጫ የሚሰካው እንደኔ ስለማይሰማ ነው!»

ያን ዕለት ከሰዓት ልጃቸው መኪናዋን እያስጓራች ግቢ ገባች። ቁልፉን ነቅላ ወረደች፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም። እየተንገጫገጨ፣ እያሳለ፣ ባዶውን መቀመጫ እያንቀጠቀጠ ቆየና አንዴ ተንፍሶ ዝም አለ።

«አባዬ፣ ጋኔን ሳይገባበት አልቀረም። ቆሞ ይጮሃል፣ ስነዳው ደግሞ ፍሬኑ ድንጋይ ሆኖብኛል። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ላመጣ ቁልቁለቱን መውረዴ ነው፣ ቶሎ በልልኝ።»

«ፍሬኑን ነገ አየዋለሁ። ያስቸገረሽ ሚኒሞው ነው፤ ቆሞ ሲሠራ ከልክ በላይ ይዞራል። ሲፈጥን ይግላል። ሲግል ውስጡ ያለው ጥቀርሻ ፍም ይሆንና ቁልፍ ቢነቀልም ቤንዚኑን ያቀጣጥላል። ጋኔንሽ ይኼው ነው።»

አስነስተው አዳመጡ። የተለየ ነገር አልሰሙም። የካርቡሬተሩን ብሎን ላላ ሲያደርጉት ጩኸቱ ወረደ፤ ቁልፉ ሲዞርም ሞተሩ አብሮ ጠፋ።

«አየሽ?» አሉ ኮራ ብለው።

ልጃቸው ልትሄድ መልሳ ስታስነሳ፣ ልብስ የሚያሰጡት ሚስታቸው ቀና አሉ። «ምንድነው እንዲህ የሚያፏጨው?»

«ማን ያፏጫል?»

«መኪናው ነዋ! እንደ ማንቆርቆሪያ።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንሽው?»

«እኔም እሰማዋለሁ፣ አባዬ» አለች ልጃቸው ከመሪው ኋላ። «የሰማኸው መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ሽማግሌው እንደገና አዘነበሉ። የሞተሩን ወፍራም ድምፅ ይሰማሉ፤ ከዚያ በላይ ምንም የለም። እጃቸውን በቱቦዎቹ ላይ አንድ በአንድ አሳለፉ። ከሞተሩ ወደ ፍሬኑ አጋዥ የሚሄደው ወፍራም ጎማ ጋ ሲደርሱ አንድ ነገር ጣታቸውን ምጥጥ አድርጎ ያዘው። ጎማው ከሥሩ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን ሲደፍኑት ሞተሩ ተንገዳግዶ ሊጠፋ ደረሰ። ሞተሩን ያስሮጠው በዚያ የሚገባው አየር ነበር፤ ፍሬኑንም ጉልበት የነሳው እሱ ነው።

«ውረጂ» አሉ።

«ልጆቹስ?»

«በእግርሽ ሂጂ፣ በታክሲ ሂጂ፣ ብቻ ውረጂ!»

እሷ እየሮጠች ስትወጣ እሳቸው መኪናውን ተደግፈው ቀሩ። ሚኒሞው በዛ እየተባለ ዓመቱን ሙሉ የመጣውን መኪና ሁሉ አሰቡ። ፉጨት ስላልሰሙ ብሎኑን አላልተው፣ «ንጹሕ ነው» ብለው ነው የሸኙት። በቀደም ደግሞ በገደሉ መንገድ የሚሠራው ባለ ሚኒባስ መጥቶ፣ «ጋሽ ጆሮ፣ ፍሬኔም ከበደኝ» ቢላቸው፣ «እግርህ ነው የሰነፈው!» ብለው ስቀውበት ነበር።

ስልካቸውን አውጥተው ለባለ ሚኒባሱ ደወሉ። ይጠራል። ደገሙት። ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም።

«እየነዳ ይሆናላ» አሉ ሚስታቸው።

እሳቸውም የፈሩት ይህንኑ ነበር። እንደገና ደወሉ።