የአስቴር እንሰት

በእኛ ቤት ሙዝ ሲገዛ እኔ አልቆጠርም። ልጆቼ ለምደውታል፤ የልጅ ልጄ ግን ጠያቂ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ከሆሳዕና ገበያ ስንመለስ አንዱን ልጣ አፌ ድረስ አመጣችልኝ። እምቢ ስላት «አያቴ፣ ሙዝ ምን አደረገሽ?» አለችኝ። እናቷ ሳቀች። እኔም «ሆዴን ይነፋኛል» ብዬ አለፍኩት። ውሸቴን ነው፤ ሆዴ ምንም አይልም። ከሙዝ ጋር የተቀያየምነው በወጣትነቴ፣ ጊምቢቹ አስተማሪ ሳለሁ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልታረቅንም።

ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ ሆሳዕና ላይ ጨው፣ ላምባና አቡጀዲ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው፤ እንደ ብዙዎቹ የከተማው ባለሱቆች ጉራጌዎች ነን። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ጊምቢቹ ስመደብ እናቴ «ቅርብ እኮ ነው፣ ስትፈልጊ ትመጫለሽ» ብላ አጽናናችኝ። ቅርብ መሆኑንስ ቅርብ ነው። ክረምት ሲገባ ግን መንገዱ ጭቃ ይሆንና መኪና የሚባል ነገር ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ሆሳዕና የሌላ አገር ከተማ ትመስለኝ ነበር።

ቢሆንም የከፋው ጭቃው አልነበረም። ያን ጊዜ አስተማሪ ማለት የመንግሥት ጆሮ ነው። ሰው ከእኔ ጋር ስለ ዝናብና ስለ ከብት ያወራል፤ ወሬው ትንሽ ወደ ሌላ ካዘነበለ «በይ ደህና ዋዪ ቲቸር» ብሎ እብስ ነው። ክፍል የተከራየሁት እትዬ አማረች ከሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው የሀዲያ ሴት ግቢ ነበር። ይሄዱበት የነበረው ጸሎት ቤት በመንግሥት ከታሸገ ቆይቷል። ማታ ማታ ጎመን እየከተፉ መዝሙራቸውን በቀስታ ያንጎራጉራሉ። የእኔ በር ሲጢጥ ሲል ቀጥ ያደርጉታል። ያ ዝምታ ነው የሚገድለኝ። ለማንም አልናገርም ብዬ ልማልላቸው? የሚምል ሰው ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል። እራቴን ብቻዬን እበላለሁ፣ ገና ሳይመሽ እተኛለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ እንደ አሮጊት ከራሴ ጋር ማውራት ጀምሬ ነበር።

የማስተምረው አንደኛ ክፍል ነው። ልጆቹ ቤታቸው ሀዲይኛ ነው የሚናገሩት፤ አማርኛን ከእኔ ነው የሚሰሙት። የማንበቢያ መጽሐፉ ደግሞ ያላዩትን ነገር ብቻ ያወራላቸዋል። ስለ መርከብ ሳስነብባቸው አንዱ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ያርሳል?» ብሎ ጠየቀኝ። መጽሐፍ የመጻፍ ሐሳብ የመጣብኝ ያን ቀን ነው። እነሱ የሚያውቁትን፣ ጓሯቸው ያለውን ነገር ልጻፍላቸው አልኩ።

በእትዬ አማረች ጓሮ፣ አጥሩ ሥር፣ ለብቻው የቆመ ትልቅ እንሰት ነበር። ግንዱን ሁለት ሰው አያቅፈውም። እኔም የእንሰት ልጅ ነኝና፣ ይህን የሚያህል እንሰት ለቆጮ ሳይፋቅ መቆሙ ገረመኝ። አንድ ቀን ወተት ሊሰጡኝ ሲመጡ ጠየቅኳቸው። ማሰሮውን ይዘው ቆሙ።

«የአስቴር ነው» አሉኝ። «ልጄ። ኩፍኝ ወሰዳት።»

በእነሱ ቤት ልጅ ችግኝ መያዝ ስትችል የራሷን አንድ እንሰት ትተክላለች፤ እንሰቱም በስሟ ይጠራል። አስቴር ተክላ፣ ቁመቷን ከእሱ ጋር እየለካች፣ «እኔ ነኝ የምበልጠው» እያለች ሳትበልጠው ቀረች። ከዚያ ወዲህ ቢላ አልነካውም።

«ካበበ እኮ ይደርቃል እትዬ አማረች» አልኳቸው።

«ሲያብብ ያብብ።»

አንጀቴን በሉት። ብዙ ቀን ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁና፣ ስለ አስቴርና ስለ እንሰቷ የልጆች መጽሐፍ ብጽፍ ይፈቅዱልኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ስሟን ትጽፊያለሽ?»

«ከፈቀዱልኝ።»

«እንግዲያ አስቴር በዪ። እንሰቷንም ልክ እንዳለ ጻፊው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ በር ሲጢጥ ሲል መዝሙሩ አልቆመም። እኔ ስገባም ይቀጥላሉ። ትኩስ ቆጮ ከአይብ ጋር ይዘውልኝ ይመጡና ቁጭ ብለው፣ ምን እንደጻፍኩ ያስነብቡኛል። አንዳንዴም «አይ፣ አስቴር እንደዚህ አትልም» ይላሉ። እውነቱን ልናገር፣ ያን መጽሐፍ የጻፍኩት ለዝና አይደለም። መጽሐፉ ካለ እትዬ አማረች አሉ፤ እትዬ አማረች ካሉ ደግሞ የማወራው ሰው አለኝ።

በእኔ ታሪክ አስቴር አትሞትም። ታድጋለች፤ እንሰቱም ያድጋል። ክፉ ዘመን ሲመጣ እናቷ እንሰቱን ፍቃ፣ እንዲብላላ ጉድጓድ ቀብራ፣ ቆጮ ጋግራ ጎረቤቱን ሁሉ ታበላለች። ጽሑፉን በአባቴ ደንበኛ መኪና አዲስ አበባ ላለ አሳታሚ ላክሁት። መልስ ሲጠፋ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ «ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል ወረቀት መጣ። እትዬ አማረች ጉንጬን ሳሙኝ። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሲል ደግሞ መጽሐፉ ራሱ በጥቅል መጣ።

ጥቅሉን ዳይሬክተሩ ቢሮ ፈታሁት። ሽፋኑ ላይ አንዲት ልጅ የሙዝ ዘለላ ታቅፋ ትስቃለች። የሌላ ሰው መጽሐፍ መሰለኝ፤ ስሜን ሳየው ክው አልኩ። አብሮ የመጣው ማስታወሻ «ለመላው የአገራችን ሕፃናት እንዲገባ እንሰት የሚለው በሙዝ ተተክቷል» ይላል። ገለጥኩ። አስቴር ሙዝ ትተክላለች። እናቷ ሙዝ ትፍቃለች፣ ሙዝ ትቀብራለች፣ የሙዝ ቆጮ ትጋግራለች። ወይ ጉድ! መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ እንባዬ መጣ። ዳይሬክተሩ የደስታ መስሏቸው «አይዞሽ፣ ይገባሻል» አሉኝ።

የወላጆች በዓል በማግሥቱ ነበር። ዳይሬክተሩ መጽሐፉን እንዳነብ ፕሮግራም አስይዘው፣ ለወላጁ ሁሉ አስወርተዋል። እትዬ አማረች ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው የፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ማንበብ አይችሉም። ሌሊቱን ሳስብ አድሬ አንድ ዘዴ አግኝቼ ነበር፤ ሥዕሉን በመዳፌ እሸፍናለሁ፣ ሙዝ በሚለው ቦታ ሁሉ እንሰት እያልኩ አነባለሁ። ዛሬን ካለፍኩ ሌላው ይደርሳል አልኩ።

ያላወቅኩት ነገር፣ ዳይሬክተሩ ጠዋት መጽሐፉን ለክፍሌ ልጆች አድለውታል። ቀና ስል ሁሉም ሣሩ ላይ ተቀምጠው፣ መጽሐፉን ዘርግተው፣ እንዳስተማርኳቸው ጣታቸውን ፊደሉ ላይ አድርገው ይጠብቁኛል።

«አስቴር አንድ ቀን እንሰት ተከለች» ብዬ ጀመርኩ።

«ቲቸር፣ ሙዝ ነው የሚለው!» አለ አንዱ።

እንዳልሰማ ሆኜ ቀጠልኩ። እንሰት ባልኩ ቁጥር የሚጮኸው ልጅ በዛ፤ መጨረሻ ላይ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሙዝ! ሙዝ!» ሆነ። ዓመቱን ሙሉ «የመሰላችሁን ሳይሆን የተጻፈውን አንብቡ» እያልኩ የቆነጠጥኳቸው እኔ ነኝ። እንዴት ጎበዝ አንባቢዎች ሆነዋል! ወላጁ ሳቀ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ አማረች አልሳቁም። አጠገባቸው ከተቀመጠች ልጅ መጽሐፉን ተቀብለው ሽፋኑን አዩ፣ ገለጡ፣ እንደገና ሽፋኑን አዩ። «ይቺ ናት አስቴር?» አሉ፤ ማንን እንደጠየቁ አላውቅም። መጽሐፉን ለልጅቷ መልሰው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ማታ በራቸው ላይ ቆሜ ለመንኳቸው። «እኔ አይደለሁም እትዬ አማረች። አዲስ አበባ ነው የለወጡት።»

«አውቃለሁ» አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ጸሎት ቤታችንን ሲያሽጉትም እንዲሁ ነው ያሉን። እኛ አይደለንም፣ ከላይ ነው።»

የእኔ በር ሲጢጥ ሲል መዝሙሩ እንደገና መቆም ጀመረ። ወተቱ ይመጣል፤ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ሆድ ባሰኝ። የማለቅስበትን ሰዓት ራሱ ለይቼ አውቀው ነበር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ ማንም በማይሰማበት ጊዜ።

ትምህርት ቤቱ እንደተዘጋ ወደ ሆሳዕና የሚሄድ መኪና ፍለጋ ወጣሁ። ተመልሼ አጥሩ ጋ ስደርስ ከጓሮው የልጅ ድምፅ ሰማሁ። በእንሰቶቹ መሀል አየሁ። የክፍሌ ልጆች ናቸው፣ ካፊያውን በእንሰቱ ቅጠል ተጠልለው እርጥቡ መሬት ላይ ተኮልኩለው። እትዬ አማረች አንድ እጃቸውን የአስቴር እንሰት ግንድ ላይ አሳርፈው በሀዲይኛ ያወሯቸዋል። ከሚናገሩት የሚገባኝ ጥቂት ነው፤ አስቴር ሲሉ ግን እሰማለሁ። ከዚያ አንዲት ልጅ መጽሐፉን ከፍታ እያነበበች፣ ሙዝ የሚለው ጋ ስትደርስ ቀና ትላለች። ሁሉም በአንድ ላይ «ዌሳ!» ይላሉ፤ እንሰት በቋንቋቸው። ልጅቷ ትቀጥላለች። እንደገና «ዌሳ!» ይላሉ። እትዬ አማረች ይስቁ ነበር። ጥርሳቸውን ያን ያህል አይቼው አላውቅም።

ልግባ ብዬ እግሬን አነሳሁ። ከገባሁ ዝም ይላሉ ብዬ ፈራሁና መለስኩት። ልጆቹ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። እትዬ አማረች ቀና ብለው አዩኝ፤ አልጠሩኝም፣ መዝሙራቸውን እንደሚያቆሙት ሳቃቸውን ግን አላቆሙም። በዝናብ ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። መኪናው በማግሥቱ ተገኘ፤ በክረምቱ ዝውውር ወጥቶልኝ ሆሳዕና ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ለልጆች ብዙ ጽፌያለሁ። አሁን ሥዕል ሠሪውን ሳላነጋግር ምንም አይታተምም፣ በዚህም ነዝናዛ ተብያለሁ፤ ይበሉኝ። መጽሐፎቼ የትኛው ቤት እንደሚገቡ፣ ማን በማን ጭን ላይ ተቀምጦ እንደሚያነባቸው አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ ደስ ይላል እላለሁ፤ ደስ ይላል ደግሞ። ብቻ ብዙ ቀን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ብቻዬን ስቀመጥ ለማን ነው የምለፋው እላለሁ። ያኔ እነዚያን ልጆች አስባለሁ። በዕድሜዬ ሙሉ አንባቢዎቼን ለራሳቸው ሲያነቡ ያየኋቸው ያን የጓሮውን ቀን ብቻ ነው። እኔን ረስተውኝ ነበር፤ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።